ቀበሌው ከጀጎል ይውጣ ወይስ እዚያው ይታደስ?

የፈረስ_መጋላ_ልጅ (ክሩን የከፈተው) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ሰፈር ውስጥ አልበርድ ያለ ክርክር አለ። እዚህም ላምጣው ብዬ ነው።

ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ያሉ የመንግሥት ቢሮዎች አርጅተዋል። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። ባለጉዳይ መቀመጫ የለውም፣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። መብራት ከሄደ የቀኑ ሥራ አበቃ። ስለዚህ አንዳንዱ «ሁሉንም ጠቅልሎ ከግንቡ ውጪ አዲስ ሕንፃ ውስጥ ማስገባት ነው፣ እንገላገል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ቢሮው ሲወጣ ሰውም ይከተላል፣ ጀጎል የቱሪስት ፎቶ መነሻ ሆኖ ይቀራል» ባይ ነው።

ሐረርን ለማታውቁ ባጭሩ። ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ነው። ዙሪያውን 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ግንብ አለ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ነው። አምስቱ በሮች ጥንታዊ ናቸው። መኪና እስከ ፈረስ መጋላ፣ መሃል እስካለው አደባባይ፣ የሚያስገባው የሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዘገበን። ቅርስ ነው፣ እሺ። ግን ሰው ይኖርበታል። ይወልዳል፣ ይሞታል፣ መታወቂያ ያሳድሳል።

እኔ የምገለገልበት ቢሮ የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ለቀበሌ ከገቡት አንዱ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋን የዘረጋችው ናደባው ላይ ነው፣ ድሮ አባወራው በሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ። ቁርአንና ጌጠኛ ሳህን ይቀመጥባቸው የነበሩት የግድግዳ ክፍተቶች በፋይል ተጠቅጥቀዋል። አንዱ ፋይል ሲሳብ ሦስቱ ይወድቃሉ። ቤቱ ያምራል ብትሉኝ ያምራል። ለልደት ካርድ ስንቴ እንደተመላለስኩ ግን አትጠይቁኝ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ባለጉዳይ የሚስተናገድበት ክፍል እዚያው ጀጎል ውስጥ ይታደስ። ማህደሩ፣ ሰርቨሩ፣ ስብሰባው፣ የቢሮ መኪናው ከግንቡ ውጪ ይሁን። መስኮቱ ይቆይ፣ ጓዳው ይውጣ። እናንተስ?

ሸንኮሯ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡34

እኔ ሙሉ በሙሉ ይውጣ ባይ ነኝ። ሮማንቲክ አንሁን።

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት አይታችኋል። ቁጥር ትወስዳለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ትጠራለህ። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ወረቀት ይዘህ አትሮጥም። እኛ ግን አሁንም «እዛኛው ቢሮ ሂጂና ማኅተም አስመትተሽ ነይ» እንባላለን። እዛኛው ቢሮ ስትደርሺ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።»

ይሄን አሠራር በአንድ የሐረሪ ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምታመጣው? ዋናው ክፍል ሃያ ሰው አይችልም። ናደባ ላይ ጫማ አውልቀን እንሰለፍ እንዴ?

ድሬዎች · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጫማ ማውለቁስ ጥሩ ነበር። ቢያንስ ባለሥልጣኑም አውልቆ ይገባል 😄

እኛ ድሬዳዋ ከግንብ ነፃ ነን። ሙቀቱ ነው የሚያባርረን።

የፈረስ_መጋላ_ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55

@ሸንኮሯ እህቴ፣ መሶብ ጥሩ ነው። አልቃወምም። ግን ሐረር አዲስ አበባ አይደለችም። ጀጎል ውስጥ ከየትኛውም በር ተነስተሽ በእግርሽ ፈረስ መጋላ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ባጃጅ አያስፈልግም። የባጃጅ ሒሳብ የሚመጣው ቢሮው ከግንቡ ሲወጣ ነው። ጡረተኛዋ አያቴ ለአንድ ማኅተም ደርሶ መልስ ትክፈል?

ኖራና_ድንጋይ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

ሙያዬ ግንባታ ነው። የድሮ ቤት ጥገና ላይ ስለሠራሁ ትንሽ ልናገር። ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ነገር፣ እነዚህ ቤቶች «አርጅተው» አይደለም የሚያፈሱት። ጥገናቸው ስለተበላሸ ነው። የሐረሪ ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው። ጣሪያው እንጨት ተጠጋግቶ ይደረደርና ከላይ አፈር ይጠቀጠቅበታል። ግድግዳው ወፍራም ነው፣ ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነውን ብዙ አይቻለሁ። ቀን ይቀዘቅዛል፣ ማታ ይሞቃል። ድሮ ባለቤቱ በየዓመቱ ኖራ ይቀባዋል፣ ጣሪያውን ይመለከታል። ስንጥቅ ካየ ያንኑ ሳምንት ይደፍነዋል።

ከዚያ ቤቱ የማንም ሆነ። የመንግሥት ቤት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አምፖል ሲቃጠል እንኳ ደብዳቤ ይጻፋል። ጣሪያው ሲያፈስ የተጠራው ሠራተኛ ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ችግሩ የጀመረው እዚህ ነው። ሲሚንቶ አይተነፍስም። ግድግዳው ከመሬት የሚስበው እርጥበት መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከሲሚንቶው ጀርባ ጭቃው ይረጥባል፣ ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከውጪ ስታዩት ንፁህ ግራጫ ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ቆዳው በሙሉ ተገልብጦ ይወድቃል። ከዚያ «ቤቱ አርጅቷል፣ ይፍረስ» ይባላል።

አፍርሶ ብሎኬት መሥራት ደግሞ ቀላል አይደለም። በአዋጅ 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገንም ሆነ መለወጥ አይቻልም። ከባድ ግንባታ ከሆነ ዩኔስኮም ቅርሱ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ይጠይቃል። ሰው ይሄን እንደ ቢሮክራሲ ያየዋል። እኔ እንደ ዋስትና ነው የማየው። ያ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ፈረስ መጋላ ዙሪያ ሰማያዊ መስታወት ነበር የምናየው።

ስለዚህ መታደስ ይችላል ወይ ለምትሉ፣ በደንብ ይችላል። ሲሚንቶውን ማንሳት፣ በኖራ መመለስ፣ ጣሪያውን ከፍቶ የበሰበሰውን እንጨት መቀየር፣ ውሃው የሚወርድበትን መንገድ ማስተካከል። የሚያስቸግረው ባለሙያ ማግኘት ነው። ኖራ አቡክቶ በትክክል የሚለስን ግንበኛ እየጠፋ ነው። ልጆቹ ብሎኬት መደርደር ነው የሚማሩት፣ እሱ ነው እንጀራ የሚሰጠው።

ሸንኮሯ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡48

@ኖራና_ድንጋይ ግሩም ነው፣ ተምሬበታለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ያ በር፣ ያ ደረጃ፣ ያ ጠባብ ኮሪደር እንዴት ይሆናል? ኖራ ሲቀባ ደረጃው አይጠፋም።

ሲስተም_የለም · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ስሜን ያወጣሁት ከየት እንደሆነ ይገባችኋል 😂

የአይቲ ሰው ነኝ። ሕንፃው ላይ ስትከራከሩ አገልግሎቱን ረሳችሁት። አዲስ ሕንፃ ስለተሠራ አሠራር አይለወጥም። መስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ «ነገ ና» የሚል ሠራተኛ አይቻለሁ። ሊፍት ያለው፣ ጄኔሬተር ያለው፣ ካፌ ያለው። ጉዳዩ ግን ያው የትናንቱ ነው።

የድሮ ቤት ውስጥ ሲስተም መዘርጋት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ ዋይፋይ። ያ ግድግዳ ሲግናል ይበላል። አጠገብህ ያለው ክፍል ውስጥ እንኳ አንድ መስመር ነው የምታገኘው። መፍትሔው ገመድ ነው፣ ግን ድንጋይ መብሳት የለብህም። በግድግዳና በወለል መጋጠሚያ በእንጨት ሽፋን ይሄዳል፣ ሲያስፈልግ ይነሳል። ሁለተኛ መብራት። ለአንድ መስተንግዶ ክፍል ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ራውተር ይበቃል። ይሄን ባትሪና ኢንቨርተር ቀኑን ሙሉ ይይዘዋል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሶላር ከመንገድ ሳይታይ ይቀመጣል። ሰርቨር ግን እዚያ አታስቀምጡ። አቧራውና እርጥበቱ ይገድለዋል። በዚህ ከባለክሩ ጋር ነኝ፣ እሱ ከግንቡ ውጪ ይሁን።

ሌላው ፋይዳ ነው። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። ሰውየውን አንዴ ካወቅከው በየቢሮው ፎቶ ኮፒ የምትጠይቅበት ምክንያት የለም። ይሄ ሲጠቃለል ባለጉዳይ ከሚያቀርበው ወረቀት ግማሹ ይቀራል። ያኔ ቢሮው ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ሸንኮሯ ያለችው የሃያ ሰው ሰልፍ የሚመጣው ሰው ስለሚመላለስ ነው እኮ። ሰባቱ ትናንት የመጡ ናቸው፣ አምስቱ ኮፒ ረስተው ሊያመጡ የሄዱ።

አንድ ነገር ግን ቀርቤ አይቻለሁ። ፋይዳ ሲመዘገብ አሥር ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት ይወሰዳል። አንዲት እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፌት ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የሐረር ስፌት። ጣታቸው ለስልሶ መስመሩ ጠፍቷል። ማሽኑ «እንደገና ሞክር» ይላል። መዝጋቢው ልጅ ትዕግሥተኛ ነበር። ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ አሸላቸው፣ ቀስ አድርጎ ተጫነው። አንዳንዱ ነበበ፣ አንዳንዱ እምቢ አለ። በዓይናቸው ተያዘ። እኒህ እናት ከቤታቸው አምስት ደቂቃ በሚርቅ ቢሮ ባይሆን ኖሮ አይመጡም ነበር። ልጃቸው ሳዑዲ ነው፣ የሚያመጣቸው ሰው የለም።

ቋንቋውንም አትርሱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሐረሪና ኦሮምኛ ነው፣ ከተማው ግን አማርኛም ያወራል። ፎርሙ በሦስቱም ካልሆነ በር ላይ ተቀምጦ ፎርም የሚሞላ ደላላ ይፈለፈላል።

ድሬዎች · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡22

ደላላውንም ታድሱት ይሆን?

መዝገብ_ቤት · ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡15

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የት እንደምሠራ አልናገርም፣ ሐረርም ላይሆን ይችላል። ግን የመዝገብ ነገር የሁሉም ከተማ በሽታ ነው።

ሁላችሁም ስለ ባለጉዳዩ ተናገራችሁ። ስለ ወረቀቱ ማንም አላነሳም። ቢሮ ሲዛወር ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ጭነት መኪና ይመጣል። የቀን ሠራተኛ ይቀጠራል። ፋይሉ በማዳበሪያ ከረጢት ይገባል። አዲሱ ሕንፃ ስንደርስ ከረጢቱ አንድ ክፍል ውስጥ ይወረወራል፣ «በኋላ እናደራጀዋለን» ተብሎ። በኋላ የሚባለው ቀን አይመጣም። ከዚያ ባለጉዳይ ሲመጣ «ፋይልህ ጠፍቷል» ነው። የጠፋ የለም። ከረጢት ውስጥ ነው ያለው።

ሐረር ላይ ይሄ ነገር ይበልጥ ያሳዝናል። ሌላው አገር ስለ ካርታ ሳያስብ እዚያ ይመዘገብ ነበር። በአሚሮቹ ዘመን የቤትና የመሬት ሽያጭ በቃዲ ፊት በአረብኛ ይጻፋል፣ ምስክር ይቆጠራል። ከዚያ በ1868 ግብፆች መጡ፣ በ1877 ወጡ። በ1879 ምኒልክ ያዟት፣ ራስ መኮንን ገዢ ሆኑ። ከዚያ ጣሊያን። ከዚያ ንጉሡ። ከዚያ ደርግና 47ቱ አዋጅ። እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ወረቀት ጽፎ ሄዷል። አንድ ቤት አረብኛ ውል፣ አማርኛ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ ኪራይ ካርድና አዲስ ካርታ ሊኖረው ይችላል። አራቱ ደግሞ የተለያየ ስፋት ይናገራሉ።

እንግዲህ ይሄን ሳታደራጁ ሕንፃ ብትቀይሩ፣ ሕንፃ ብታድሱ፣ ለኔ ያው ነው። ዕድሳቱ ከመጀመሩ በፊት መጀመሪያ ፋይሉ ይቆጠር። ቁጥር ይሰጠው። ስካን ይደረግ። ስካን ከተደረገ በኋላ ዋናው ወረቀት ደረቅ ክፍል ይግባ። ከዚያ ጣሪያውን ክፈቱ። ኮንትራክተር ከገባ በኋላ «ፋይሉን አንሱልን» ማለት አይሠራም፣ በሁለት ቀን ያስነሱሃል።

ስካኑንም ለማንም አትስጡ። ፎቶ ማንሳት ይችላል ተብሎ የተቀጠረ ልጅ የአረብኛውን ውል በጀርባው አንስቶት አይቻለሁ። የድሮውን ጽሑፍ የሚያነብ ሽማግሌ አጠገቡ ይቀመጥ፣ አበል ይከፈለው። ለሕንፃው ከሚወጣው ጋር ሲተያይ ይሄ የሻይ ገንዘብ ነው።

ጌይ_ቶሮንቶ · ዓርብ፣ ከቀኑ 9፡40

አስሰላሙ ዐለይኩም። ከቶሮንቶ ነው። መዝገብ ቤት ወንድሜ፣ የኔን ታሪክ ነው የጻፍከው።

የአባቴ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው። ለእህቴ ውክልና ልኬላታለሁ። ውክልናው ተቀባይነት አገኘ፣ ፋይሉ ግን «አልተገኘም»። አባቴ ግብር የከፈሉበት ደረሰኝ እጄ ላይ አለ። የኛ ሰው እዚህ ብዙ ነው፣ ሜልቦርንም ጅዳም። ገንዘብ አዋጥተን ቢሮ እናድስ ብንባል እናደርገዋለን፣ አፎቻችን፣ እንደ እድር ያለው የሐረሪ መረዳጃ ማኅበራችን፣ እዚህም አለ። ግን ገንዘቡ ለቀለምና ለመስታወት ከሆነ እኔ የለሁበትም። ለመዝገቡ ከሆነ ዛሬውኑ።

ላስታ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ከላሊበላ ሰላም። የኛን ሁኔታ ላካፍላችሁ፣ ትምህርት ከሆናችሁ።

በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበረው ሰፈር ተነስቶ ሰው ወደ ኩራኩር ሄደ። ምክንያቱ ነበረው፣ የቆሻሻ ውሃው ለአለቱ ጥሩ አልነበረም። የድሮዎቹ ክብ የድንጋይ ቤቶች አልፈረሱም፣ ተጠግነው ቆመዋል። ግን ጭስ የላቸውም። ቱሪስት አይቶ ያልፋል። ድሮ እዚያ በር ላይ ጠላ ይጠመቅ ነበር።

ስለዚህ ቢሮው ብቻ ነው የሚወጣው ስትሉ ጠንቀቅ በሉ። ቢሮው ሲወጣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይወጣል። ከሱ ጋር ሻይ ቤቱ። ከሱ ጋር ደግሞ ሰው።

ጎንደሬው · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡52

ላስታ እውነቱን ነው። የኛ ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራው ፖስታ ቤት ዛሬም ፖስታ ቤት ነው። ሥራ ስላለው ሰው ይገባል ይወጣል፣ ስለዚህ ይጠገናል። ሥራ ያጣው ሕንፃ ግን ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ለማወቅ ራሱ አንድ ሳምንት ይፈጃል።

የፈረስ_መጋላ_ልጅ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡20

የጎንደሬው ምሳሌ እኛም ጋ አለ። የራስ ተፈሪ ቤት ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ነው። ሥራ ተሰጠው፣ ሰው ገባበት፣ ቆመ። መኪና ግርግርንም እዩ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ጩኸት ነው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዛሬም መንገድ ዳር ተደርድረው ይሰፋሉ። መንገዱ ቢታደስም እነሱ አልተነሱም። ተነስተው ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ግድግዳ ብቻ ነበር።

@መዝገብ_ቤት ያልከው ሐሳቤን ለውጦታል ማለት እችላለሁ። ሕንፃውን አስቀድሜ ነበር። ፋይሉ ይቅደም። በዚህ የማይስማማ አለ?

ሸንኮሯ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡37

በፋይሉ እስማማለሁ። ግን አቋሜ ያው ነው። ለአምስት ዓይነት ጉዳይ ጀጎል ውስጥ መስኮት ይኑር፤ መታወቂያ፣ ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፣ የቤት ኪራይ። በቃ። የንግድ ፈቃዱ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የመሬቱ ጉዳይ ከግንቡ ውጪ አንድ ትልቅ ማዕከል ይግባ። ሌላው ሰውም ሐረሬ ነው። ከግንቡ ውጪ ያለነው እንበዛለን፣ እኛም ጀጎል ገብተን መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እየዞርን ነው።

የደረጃውን ጥያቄም ማንም አልመለሰልኝም።

ኖራና_ድንጋይ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡10

@ሸንኮሯ ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። የአብዛኛው ቤት ችግር የናደባው ደረጃ አይደለም። የግቢው በር ደፍ ነው። ደፉ ድንጋይ ከሆነ አይነሳም፣ አይፈለጥምም። የምናደርገው ከሁለቱም ወገን ተነቃይ የእንጨት መወጣጫ ማስቀመጥ ነው። አንድ ስንዝር ከፍታ ካለው አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት ያስፈልገዋል፣ ከዚያ ካጠረ ዊልቸሩን የሚገፋው ሰው ይቸገራል። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ይሄ ርዝመት አይገኝም። ስለዚህ መስኮት የሚሆነው ቤት ሲመረጥ በሩ ሰፊ፣ ግቢው ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ ይፈለግ። ቆንጆው ቤት ሳይሆን የሚገባበት ቤት ይመረጥ።

ናደባውን ደግሞ አትንኩት። ባለጉዳይ ከታች በግቢው ደረጃ ይስተናገድ፣ ጠረጴዛውም እዚያው ይውረድ። ጸሐፊዋ ከላይ ሆና ቁልቁል የምታይበት ምክንያት የለም።

ድሬዎች · ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡14

ይሄኛው ነው ትልቁ ለውጥ 👏

ጌይ_ቶሮንቶ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡02

@መዝገብ_ቤት አንድ ምክር ስጠኝ። እህቴ ሰኞ ተመልሳ ልትሄድ ነው። ምን ይዛ ትሂድ?

መዝገብ_ቤት · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡45

የግብር ደረሰኙን ዋናውን ሳይሆን ኮፒውን ትያዝ፣ ዋናው ከእጇ አይውጣ። «ፋይል ይፈለግልኝ» የሚል ማመልከቻ በጽሑፍ ታስገባ፣ በቃል አትጠይቅ። የአባታችሁን ስም እስከ አያት፣ የድሮውን የቀበሌ ቁጥርና የቤት ቁጥር ትጻፍበት። ቀበሌዎቹ ወረዳ ሲሆኑ ቁጥሩ ስለተቀየረ ብዙ ፋይል በድሮው ቁጥር ነው የተቀመጠው። የኪራይ ካርድ ወይም የድሮ የውሃ ቢል ካገኛችሁ የቤት ቁጥሩ እዚያ ላይ ይኖራል። ማመልከቻው ሲገባ ደግሞ የገቢ ቁጥሩን ተቀብላ ትመለስ። ቁጥር ከሌለው ማመልከቻው እንዳልገባ ነው የሚቆጠረው።